ሁለቱም ወገን የሚያንኳኳው በር

ጃንዋሪ 3 ቀን 2020። የአሜሪካ ድሮን ባግዳድ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የኢራኑን ጄኔራል ቃሲም ሱሌይማኒን ገደለ። ማኅበራዊ ሚዲያው "ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ነው" እያለ ተንጫጫ። በዚያው ቀን ቴህራን ውስጥ ባለ አንድ ኤምባሲ ፋክስ ገባ። ኤምባሲው የአሜሪካ አይደለም። አሜሪካና ኢራን ግንኙነታቸውን ካቋረጡ አርባ ዓመት ሊሞላ ነበር። ኤምባሲው የስዊዘርላንድ ነው። በምስጢር ኮድ የተቆለፈው መልእክት ግን ከዋሽንግተን የመጣ ነበር። ባጭሩ "ነገሩን አታባብሱት" ይላል።

የስዊዘርላንዱ አምባሳደር መልእክቱን ለኢራን ባለሥልጣናት በእጃቸው አደረሱ። ኢራኖች በጣም ተቆጡ። ግን መልስ ሰጡ፤ መልሱም በዚያው በር ወጣ። በቀጣዮቹ ቀናት ወረቀት ሲመላለስ ሰነበተ። ከአምስት ቀን በኋላ ኢራን ኢራቅ ውስጥ ባሉ የአሜሪካ የጦር ሰፈሮች ላይ ሚሳኤል ተኮሰች። ብዙ ወታደሮች ተጎዱ፤ የሞተ አሜሪካዊ ግን አልነበረም። ከዚያ ሁለቱም እጃቸውን ሰበሰቡ። ነገሩ ምን ያህል በቋፍ ላይ እንደነበረ ለማወቅ በዚያው ዕለት የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የኢራን አየር መከላከያ ከቴህራን የተነሣን የዩክሬን የመንገደኞች አውሮፕላን የጠላት መስሎት መታው። 176 ሰው አለቀ። ማንም ይሁን ያልፈለገው ጥፋት ነበር።

ፋክሱ ብቻውን ጦርነት አስቀረ አልልም። ግን እንዲያ ባለ ሌሊት ሁለቱም ጠላቶች የሚያምኑት አንድ ፖስተኛ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ፖስተኛ ነው። አንድ አገር "እኔ በማንም ጠብ አልገባም" ማለቱ ለሌላው ዓለም ሰላም ምን ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል? (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከቃሉ እንጀምር። "ገለል በል" ማለት ዞር በል፣ ከመንገድ ውጣ ማለት ነው። ስለዚህ ገለልተኛ ሲባል ዳር ቆሞ የሚያይ፣ ምንም የማያገባው ሰው ይታየናል። ፖለቲካችን ደግሞ "መሀል ሰፋሪ" የሚል ስም ጨምሮበታል። ይሄ ስድብ ነው። ቁርጥ አቋም የሌለው፣ አሸናፊው እስኪታወቅ የሚጠብቅ ማለት ነው። በዓለም አቀፍ ሕግ ገለልተኛ የሚባል አገር ግን ዳር ቆሞ ማየት አይበቃውም። ብዙ ግዴታ አለበት።

ግዴታዎቹ በጽሑፍ የሰፈሩት በ1907 ሄግ ላይ በተፈረሙ ስምምነቶች ነው። ሁለት አገሮች ሲዋጉ ገለልተኛው ጦሩን አያዘምትም። ይሄ ቀላሉ ነው። መሬቱንም ለማንኛቸውም መተላለፊያ አያደርግም። የአንዱ ጦር ወይም የጥይት ጭነት በግዛቱ እንዳያልፍ መከልከል አለበት። መንግሥቱ ለተዋጊዎች መሣሪያ አይሰጥም። ነጋዴዎቹ መሣሪያ እንዳይሸጡ ከከለከለ ክልከላው ለሁለቱም እኩል ይሆናል። ድንበር ተሻግሮ የገባ ወታደር ካለ ትጥቁን አስፈትቶ ጦርነቱ እስኪያልቅ ያቆየዋል። በምላሹ ተዋጊዎቹ ግዛቱን አይነኩም። ድንበሩን በጉልበት ቢከላከል እንኳ ጠብ እንደጫረ አይቆጠርበትም።

ይቺን የመጨረሻዋን ነጥብ ልብ በሉልኝ። ገለልተኛ ማለት ትጥቅ የፈታ ማለት አይደለም። ስዊዘርላንድ ዛሬም ወንድ ዜጎቿን በግዴታ ውትድርና ታሠለጥናለች። በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ከ400,000 በላይ ሰው ለድንበር ጥበቃ ጠርታለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ አገር በሩን መዝጋት ካልቻለ አንዱ ተዋጊ "ጠላቴ በዚህ በኩል ይመጣብኛል" ብሎ ይሰጋል። ሰግቶም ቀድሞ ይገባል።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። በአንድ ጦርነት ብቻ "አልገባም" ያለ አገር አለ። እንደ ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ደግሞ በሰላሙም በጦርነቱም ጊዜ በቋሚነት ገለልተኛ ነኝ ያለ አለ። የስዊዘርላንድን ቋሚ ገለልተኝነት የአውሮፓ ኃያላን ያጸደቁት በ1815፣ ከናፖሊዮን ጦርነቶች ማግስት ነው። ሦስተኛው በአማርኛ ያው "ገለልተኛ" ብለን የምንጠራው የገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ ነው። በ1961 ቤልግሬድ ላይ ሲመሠረት ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተዋል። ነገር ግን ያ ንቅናቄ "ከሁለቱ ኃያላን ጎራ አንሰለፍም" የሚል የፖለቲካ አቋም እንጂ የሄጉ ዓይነት ግዴታ አልነበረበትም። ኢትዮጵያ እዚያ ጉባኤ ላይ በተቀመጠችበት ጊዜ አስመራ ላይ ቃኘው ስቴሽን የሚባል የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነበር። በሄጉ መለኪያ ብናየው ያ ገለልተኝነት አይባልም። አንድ ቃል ለሁለት ነገር ስለምንጠቀም ብዙ ክርክራችን እዚህ ላይ ይጠላለፋል።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ገለልተኛ አገር ለሰላም የሚሠራው ሥራ ምንድነው?

አንደኛው ሥራ አደራ መቀበል ነው። ሁለት አገሮች ተጣልተው ኤምባሲያቸውን ሲዘጉ ሰው ግን ተዘግቶ አይቀርም። እዚያ የታሰረ ዜጋ አለ። ፓስፖርቱ ያለቀበት አለ። እናቱ ሞታበት መጓዝ የሚፈልግ አለ። የተተወ ሕንፃና ንብረት አለ። እነዚህን ሁሉ "አደራ" ተብሎ የሚረከብ ሦስተኛ አገር ያስፈልጋል። ስዊዘርላንድ ይህን የጀመረችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የ35 አገሮችን ጉዳይ ይዛ ነበር፤ የአደራው ቁጥር ከ200 ይበልጣል። ጀርመን ውስጥ የአሜሪካን፣ አሜሪካ ውስጥ የጀርመንን ጉዳይ የምትከታተለው እሷው ነበረች። የኩባ ዋና ከተማ ሃቫና ውስጥ ከ1961 እስከ 2015 የአሜሪካ ባለአደራ ሆናለች። ቴህራን ውስጥ ከ1980 ጀምሮ ነው። ሩሲያና ጆርጂያ በ2008 ከተዋጉ በኋላም የሁለቱንም አደራ ይዛለች።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ አሰልቺ ነው። እስረኛ መጎብኘት፣ ቅጽ መሙላት፣ ወረቀት ማመላለስ። እኔ ግን ትልቁ ዋጋ እዚህ አሰልቺ ሥራ ውስጥ ነው ያለው እላለሁ። አምባሳደሩ ያን ዕለት የኢራን ባለሥልጣናት ዘንድ ገብቶ መነጋገር የቻለው መሥሪያ ቤቱ ለአርባ ዓመት ያህል በትናንሽ ጉዳዮች ያንኑ በር ሲያንኳኳ ስለኖረ ነው። መተማመን በቀውጢ ሰዓት የሚፈበረክ ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛው ሥራ መገናኛ ቦታ መስጠት ነው። "ቦታማ ማን ያጣል?" ይባል ይሆናል። የአልጄሪያን ታሪክ ስሙ። ፈረንሳይና የአልጄሪያ ነፃ አውጪ ግንባር ከ1954 ጀምሮ ሲተላለቁ ቆይተው ንግግር ፈለጉ። ግን የት? ፈረንሳይ ነገሩ የውስጥ ጉዳዬ ስለሆነ ከአገሬ አልወጣም አለች። አልጄሪያውያኑ ደግሞ በጠላት አገር ማደር አልፈለጉም። ከዚህ በፊት መሪዎቻቸው የተሳፈሩበትን አውሮፕላን ፈረንሳይ በአየር ላይ አስገድዳ አሳርፋ እነ ቤን ቤላን አስራለች። ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው።

በመካከል የገባው ኦሊቪዬ ሎንግ የሚባል የስዊዘርላንድ ዲፕሎማት ነው። መፍትሔው የተገኘው ከጄኔቫ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በአንድ በኩል ስዊዘርላንድ፣ በሌላ በኩል ፈረንሳይ ነው። ንግግሩ በፈረንሳዩ ዳርቻ፣ ኤቪያን ከተማ ላይ ሆነ። አልጄሪያውያኑ ግን የሚያድሩት ስዊዘርላንድ ነው። ጠዋት በስዊዘርላንድ ጦር ሄሊኮፕተር ሐይቁን ይሻገራሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። ፈረንሳይም ከአገሯ አልወጣች፣ እነሱም ፈረንሳይ አላደሩ። ሰላሙን የጠሉ ደግሞ ነበሩ። ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት የኤቪያን ከንቲባ ካሚይ ብላን በቦምብ ተገድሏል። ስዊዞቹ የእንግዶቻቸውን ማረፊያ በወታደር አጥረው ነው የጠበቁት። ማርች 18 ቀን 1962 ስምምነቱ ተፈረመ። በጁላይ አልጄሪያ ነፃ ወጣች። አልጄሪያን አትርሱብኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሦስተኛው ሥራ ክፍተት መሆን ነው። ኦስትሪያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአሥር ዓመት በአራት መንግሥታት ጦር ተይዛ ነበር። ቪየናም እንደ በርሊን አራት ቦታ ተሸንሽናለች። ጀርመን ለሁለት ስትከፈል ኦስትሪያ ግን ዳነች። በ1955 ከሶቪየቶችም ከምዕራቦቹም ጋር ውል ተፈረመ፣ የውጭ ጦር ሁሉ ወጣ፣ ፓርላማዋ ኦክቶበር 26 ቀን ቋሚ ገለልተኝነትን በሕግ አወጀ። ዕለቱ እስከ ዛሬ ብሔራዊ በዓላቸው ነው። አሳቡ ቀላል ነበር። አንተም አትያዛት፣ እኔም አልይዛት። ከዚያ ቪየና የጠላቶች መገናኛ ሆነች። ኬኔዲና ክሩሽቾቭ በ1961 የተገናኙት፣ ካርተርና ብሬዥኔቭ በ1979 የኒውክሌር መሣሪያ ገደብ የፈረሙት፣ የ2015ቱ የኢራን ኒውክሌር ስምምነት የተቋጨውም እዚያው ነው።

ኮስታሪካን በአጭሩ ላንሣ። በ1948 ጦር ሠራዊቷን በተነች። በ1983 በጎረቤቶቿ ጦርነት ገለልተኛ ነኝ አለች። የያኔው ፕሬዚዳንቷ ኦስካር አሪያስ በ1987 ሌሎች አራት የመካከለኛው አሜሪካ መሪዎችን አሳምነው አምስቱም ባንድ የሰላም ሰነድ ላይ ፈረሙ። የዚያኑ ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። ጦር የሌለው ሰው "ልታጠቃኝ ነው የምታስታርቀኝ" ተብሎ አይጠረጠርም።

እስካሁን ደጉን ጎን ነው ያወራሁት። እዚህ ላይ ግን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የማይዘለል ነገር አለ። ገለልተኝነት የተባለ ነገር በእኛው ላይ ምን እንዳደረሰ።

በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ የአሜሪካ ምክር ቤት የገለልተኝነት ሕግ አወጣ። ወረራው ሲጀመር ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ወረቀቱ ላይ ፍጹም እኩልነት ነው። ጣሊያን ግን የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካ ነበራት፤ አውሮፕላኑንም መርዙንም ራሷ ትሠራለች። ኢትዮጵያ ጥይት የምታገኘው ከውጭ ገዝታ ነው። ክልከላው የነካው አንዱን ብቻ ነበር። ነዳጅ ደግሞ በሕጉ ውስጥ አልነበረም። የአሜሪካ ነዳጅ ወደ ጣሊያን መጫኑን ቀጠለ፤ እንዲያውም ጨመረ።

ስዊዘርላንድም እንዲሁ አደረገች። የዛሬው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቀዳሚ የነበረው የመንግሥታት ማኅበር መቀመጫው ጄኔቫ ነበር። ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈርጇታል። ስዊዘርላንድ ግን ገለልተኛ ነኝ ብላ የመሣሪያ ሽያጩን ለሁለቱም ከለከለች። ለተወረረውም። ንጉሠ ነገሥቱ ጁን 30 ቀን 1936 በዚያችው ጄኔቫ ቆመው ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የስዊዘርላንድ መንግሥት ጣሊያን ኢትዮጵያን የራሷ ማድረጓን በይፋ አወቀላት። ጎረቤቱን ጣሊያንን ላለማስቀየም ነበር። ብዙ አገሮች ተከተሉ። አሻፈረን ካሉት ጥቂቶች አንዷ ሜክሲኮ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አደባባይ የሚባለው በምክንያት ነው።

ይሄ ብቻም አይደለም። የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን የሕክምና ጣቢያ በዲሴምበር 1935 ደብድበዋል፤ ሕሙማን በአልጋቸው ላይ ሞተዋል። የመርዝ ጋዙን ቁስል በዓይናቸው ያዩ የጄኔቫው ዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ልዑካን ነበሩ። የመንግሥታት ማኅበር ስለ ጋዙ ያላችሁን ማስረጃ ስጡኝ ሲል ግን ድርጅቱ ገለልተኝነቱን ጠቅሶ አልሰጥም አለ። ለቁስለኛው ለመድረስ ሲባል ዝም ማለት አንዳንዴ ያስፈልጋል፤ ይገባኛል። በዚያ ጊዜ ግን ዝምታው የረዳው ጋዙን የሚረጨውን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር መለየት አለብን። እኩል የሆኑ ሁለት ባላንጣዎችን እኩል ማየት አንድ ነገር ነው። ጡንቸኛው ደካማውን ሲረግጥ "እኔ ለሁለቱም እኩል ነኝ" ማለት ግን ለጡንቸኛው ማድላት ነው። በሰፈር ሽምግልናም እንዲሁ ነው። ጥሩ ሽማግሌ ከማንም ወገን አይሰለፍም። ጥፋተኛውን ግን "አጥፍተሃል" ይለዋል፤ ካሣም ያስክሳል። ሸንጎው ላይ ጥፋት እንዳላየ የሚሆን ሽማግሌ ሁለተኛ አይጠራም።

ኢትዮጵያ ከዚያ ቁስል የወሰደችው ትምህርት ገለልተኝነት አልነበረም። "አንዱ ሲወረር ሁሉም ይነሣ" የሚለውን ያዘች። ለዚህ ነው በ1951 የቃኘው ሻለቃ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ኮሪያ የዘመተው። ከ120 በላይ ልጆቻችን እዚያ ቀርተዋል። ጦርነቱ በጁላይ 1953 በተኩስ አቁም ሲቆም ግን ሌላ ዓይነት አገር አስፈለገ። ማን ነው ሁለቱ ወገኖች አዲስ መሣሪያ እንዳያስገቡ የሚቆጣጠረው? የተዋጉት ሊሆኑ አይችሉም። ኢትዮጵያም አትችልም፤ ደሟን አፍስሳለችና ወገን ሆናለች። በአንድ በኩል ስዊዘርላንድና ስዊድን፣ በሌላ በኩል ፖላንድና ቼኮዝሎቫኪያ ተመረጡ። መስፈርቱ አንድ ነበር፤ በዚህ ጦርነት ያልተዋጋ። እኔ ይህን ሳስብ የሁለቱ ሥራ የሚጋጭ አይመስለኝም። ወራሪን ለማቆም የሚዘምት ያስፈልጋል። ካቆሙት በኋላ ደግሞ ያልዘመተ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አልጄሪያ እንመለስ። ነፃ ከወጣች ገና ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላት፣ በ1963 መጸው፣ ከሞሮኮ ጋር በድንበር ተዋጋች። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ አምስት ወር ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴና የማሊው ፕሬዚዳንት ሞዲቦ ኬይታ የአልጄሪያውን መሪ ቤን ቤላንና የሞሮኮውን ንጉሥ ሐሰንን በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ላይ አገናኙ። ኦክቶበር 30 ቀን ተኩስ ለማቆም ተስማሙ። ከጦርነት ነፃ የሚሆነውን ቀጠና ለመለየትም የኢትዮጵያና የማሊ መኮንኖች ከሁለቱ ተፋላሚዎች መኮንኖች ጋር እንዲሠሩ ተወሰነ። ኢትዮጵያ በሕግ ገለልተኛ አገር አልነበረችም፤ አሜሪካ ወዳጇ ናት። በዚያ ጠብ ውስጥ ግን ከሁለቱም ወገን ቂም አልነበራትም። ለሽምግልና የሚፈለገው ይሄው ነው።

ከ17 ዓመት በኋላ ደግሞ አልጄሪያ ራሷ ሽማግሌ ሆነች። ቴህራን ውስጥ የታገቱት 52 አሜሪካውያን ከ444 ቀን በኋላ፣ በጃንዋሪ 1981፣ የተለቀቁት በአልጄሪያ አደራዳሪነት ነው። ኢራንና አሜሪካ ፊት ለፊት አልፈረሙም። እያንዳንዳቸው ለአልጄሪያ ቃል ገቡ፤ አልጄሪያ ቃሉን ለሌላው አስተላለፈች። ዲሴምበር 2000 ላይ ደግሞ ኢትዮጵያና ኤርትራ ያን ሁሉ ወጣት ከፈጀው ጦርነት በኋላ የሰላም ስምምነት የፈረሙት አልጀርስ ላይ ነው። አስተናጋጁ ፕሬዚዳንት አብደልአዚዝ ቡተፍሊቃ ነበሩ። በ1963 ባማኮ ላይ እርቅ ሲወርድ የአልጄሪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እሳቸው ነበሩ።

የአልጀርሱ ስምምነት ሁሉን ፈታ ማለቴ አይደለም። የድንበሩ ውሳኔ በ2002 ቢሰጥም ለብዙ ዓመታት ሳይፈጸም ሰላምም ጦርነትም የሌለበት ዘመን ሆነ። ግን ሰንሰለቱን ተመልከቱ። ስዊዘርላንድ ለአልጄሪያ፣ ኢትዮጵያ ለአልጄሪያ፣ አልጄሪያ ለኢራንና ለአሜሪካ፣ አልጄሪያ ለኢትዮጵያና ለኤርትራ። የታረቀ አገር ማስታረቅ ይማራል።

ታዲያ ገለልተኝነት ይህን ያህል ከጠቀመ ለምን ሁሉም አይሆንም? ምክንያቱም አንድ አገር ብቻውን ስላወጀው የሚቆም ነገር አይደለም። ቤልጂየምን ተመልከቱ። ገለልተኝነቷን ኃያላኑ ሁሉ፣ የጀርመን ቀዳሚ መንግሥት ፕሩሲያም ጭምር፣ በ1839 ለንደን ላይ ፈርመውላት ነበር። ኦገስት 4 ቀን 1914 የጀርመን ጦር ወደ ፈረንሳይ ለማለፍ ረግጧት ገባ። የጀርመኑ ቻንስለር ውሉን "ቁራጭ ወረቀት" ብሎ ናቀው። ላኦስ የባሰ ነው የደረሰባት። በ1962 አሥራ አራት አገሮች ገለልተኛነቷን ጄኔቫ ላይ ፈረሙላት። የሰሜን ቬትናም ጦር ከመሬቷ አልወጣም። አሜሪካ ደግሞ እስከ 1973 ድረስ ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጣለችባት።

ዩክሬንም አለች። በ2010 ባወጣችው ሕግ ከየትኛውም ወታደራዊ ጎራ ውጭ ነበረች። ሩሲያ ክሬሚያን በ2014 ስትወስድ ያ ሕግ ገና አልተሻረም። ስለዚህ በ2022 ሙሉው ወረራ ሲመጣ ፊንላንድና ስዊድን ያደረጉት አይገርመኝም። ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 ኔቶ ገቡ። ስዊድን ከ200 ዓመት በላይ ከጦርነት ርቃ የኖረች አገር ናት። ፊንላንድ በ1975 የምሥራቁንም የምዕራቡንም 35 መንግሥታት ሄልሲንኪ ላይ ያስቀመጠች ናት። ልጆቻቸውን ለመጠበቅ ነው የገቡት፤ አልፈርድባቸውም። ዓለም ግን በዚያ ሁለት የሚንኳኩ በሮች አጥታለች።

ስዊዘርላንድ ራሷም ዛሬ ፈተና ላይ ናት። በ2022 የአውሮፓ ኅብረት በሩሲያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ተቀበለች። መሣሪያ ግን አልሰጠችም። ጀርመን የገዛችውን የስዊዘርላንድ ጥይት ለዩክሬን ልስጥ ብትል እንኳ ከለከለች። የ1935ቱን ለሚያስታውስ ሰው ማዕቀቡ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ወራሪና ተወራሪ ተለይቷል። ዋጋው ግን ወዲያው ተከፈለ። በዚያው ክረምት ስዊዘርላንድ ሩሲያ ውስጥ የዩክሬንን አደራ ልያዝ ስትል ሞስኮ "ገለልተኛ አይደለሽም" ብላ እምቢ አለች። ሽማግሌውን አልቀበልም እንደማለት ነው። እውነትን መናገርና በሩን ክፍት ማቆየት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በዚህ ጉዳይ ቀላል መልስ አለኝ ብዬ አላታልላችሁም።

ኮሪያ ላይ የተመደቡት ታዛቢዎች ግን አሁንም አሉ። ቼኮችንና ፖላንዶችን ሰሜን ኮሪያ በ1990ዎቹ አስወጣቻቸው። ስዊዞቹና ስዊድኖቹ ቀርተዋል፤ ከየአገሩ አምስት አምስት መኮንን። በፓንሙንጆም፣ ሰሜንና ደቡብ ኮሪያን በሚለየው ድንበር ላይ በቆመች ሰማያዊ ቤት ውስጥ ዛሬም ይሰበሰባሉ። ሪፖርት ይጽፋሉ። የሰሜን ኮሪያን ቅጂ በሰሜኑ በኩል ባለች የፖስታ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ። ከ1995 ጀምሮ ሣጥኗን የከፈተ የሰሜን ሰው የለም። ስትሞላ ራሳቸው ባዶ ያደርጓትና በሚቀጥለው ስብሰባ አዲሱን ወረቀት ይከቱባታል።